ባለ ሁለት ወንበሯ

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የመኪናዬ ጣሪያ ተቀደደ። ከሥራ ስመለስ አቃቂ ድልድይ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና የሸራውን ጣሪያ ጎትቼ ልዘጋው ስል፣ ከኋላ መስኮቱ በላይ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ውሃው በቀጥታ አንገቴ ላይ ወረደ። ከጎኔ በትራፊክ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ሰዎች በመስኮት ያዩኝ ነበር። አንድ ጎልማሳ መስኮቱን ከፈት አድርጎ፣ "እህቴ፣ እዛ ውስጥ ከምትዋኚ እኛ ጋ ግቢ፣ ቦታ አለ" አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቱሉ ዲምቱ ቤቴ እስክደርስ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር።

መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ እኔ ሳልወለድ የተሠራች። ቀለሟ ቢጫ ነው ይባላል እንጂ ቢጫ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ትንሽ አረንጓዴ አለበት። ይህን የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። አቃቂ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ክፍል ነው የምሠራው። ደንበኛ ቁራጭ ጨርቅ ይልካል፣ እኔ ያንኑ ቀለም አስመስዬ አዘጋጃለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ማየት ነው።

ከባሌ ጋር ከተለያየን ወዲህ ግን ከሥራ ውጪ መቀመጥ አቃተኝ። ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሻይ እጥዳለሁ፣ ሳይፈላ አወርደዋለሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ደረጃውን ስድስት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ። የረባ ምክንያት አልነበረኝም። ጥበቃው፣ "የጠፋብሽ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

መኪናዋን የገዛሁት በዚያ ሰሞን ነው። አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማ ለዓመታት አይቻታለሁ። ባለቤቷ በባቡሩ ጋራዥ ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ሐዋሳ ወስዳ ልታኖራቸው መሆኑን ስሰማ አንኳኩቼ ገባሁ።

"ይቺን ምን ልታደርጊያት ነው?" አሉኝ።

"ልነዳት ነዋ።"

"ልጄ፣ እሷን ግማሹን ቀን ትነጃታለሽ፣ ግማሹን ትጠግኛታለሽ።"

"አንቱ ታዲያ እንዴት ቻሉት?"

"እኔ መቀመጥ አልወድም" አሉኝ።

ለሦስት ቅዳሜ እየሄድኩ ከእሳቸው ተማርኩ። ካንዴላ መፍታትና ማጽዳት፣ የካርቡራተሩን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ መክፈት፣ የፍሬን ዘይት መሙላት። "ሳትሞቅ አታንቀሳቅሻት። ስትግል ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ፣ ፊትሽን ትልጥሻለች" ይሉኝ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ግቢው ተዘግቶ አገኘሁት፤ ሄደዋል።

አራት ዓመት ሆነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ራዲያተሯን ሦስት ጊዜ አስበይጃለሁ። የፍሪሲዮኗ ገመድ ሲበጠስ የሚሸጥ ስላልተገኘ ከባጃጅ ገመድ አሠርቻለሁ። የበሯ ላሜራ ከሥር ዝጎ ሲያልቅ ቃሊቲ ያለ ቀለም ቀቢ ሦስት ዓይነት ቢጫ አምጥቶ አሳየኝ፤ ሦስቱም አልገጠሙም። በምሳ ሰዓት የተላጠ ቁራጭ ቀለም ይዤ ላቦራቶሪ ገባሁና መጠኑን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ቀባው፣ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ባየኝ ቁጥር ስለ ቀለም ይጠይቀኛል እንጂ እንደ ድሮው "ሽጫት" አይለኝም። ቦሎ ለማሳደስ ስሄድ ደግሞ መርማሪው ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ነው ያለው፤ "የባለቤትሽ ናት?" ይለኛል፣ "የራሴ ናት" እለዋለሁ፣ ሊብሬውን ሁለቴ ያነባል።

እሑድ እሑድ በማለዳ ተነስቼ ጣሪያውን ከፍቼ ወደ ደብረ ዘይት አቅጣጫ እነዳለሁ። ዝዋይ ድረስ ሄጄ ሐይቁን አይቼ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። ዱከም ስደርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ይነካል፤ ዳር ይዤ አበርዳትና እመለሳለሁ። ከዱከም አልፌ አላውቅም ነበር።

ጣሪያው ሲቀደድ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ጋ ዞርኩ። አንዱ ክሩን አላገኝም አለኝ፣ ሌላው ብረቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ አንዱ፣ "ሸራ ከሆነ የከባድ መኪና ሸራ የምትሰፋዋ ሴት ጋ ሂጂ" ብሎ ቃሊቲ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ላከኝ።

ሴትየዋ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት። ግማሹ ኮንቴይነር በሆነ ሱቅ ውስጥ ትልቅ የልብስ ስፌት ማሽን አላት፤ ሸራው ግን ከሱቁ ተርፎ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። የእኔን ጣሪያ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

"እኔ የአራት መቶ ኩንታል ጭነት የሚያለብስ ነው የምሰፋው" አለች። "ይሄ እኮ የሰው ቀሚስ ነው።"

"እምቢ ማለትሽ ነው?"

"ቀሚስ መስፋት አልችልም አልኩሽ?"

አራት ቀን ፈጀባት። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አያት ነበር። የድሮውን ጣሪያ ስፌቱን ፈትታ እንደ ቅድ ዘረጋችው፣ በጠመኔ አዲሱ ሸራ ላይ ገለበጠችው፣ ዳር ዳሩን እጥፍ አድርጋ በሰም የተነከረ ክር ሁለት ጊዜ ነዳችበት። እኔ ከበሩ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ በሩ እመላለሳለሁ።

"ተቀመጪ" አለችኝ በሁለተኛው ቀን። "ስትንቆራጠጪ መርፌዬን ታሰብሪኛለሽ።"

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳላውቀው ተነስቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ብረቱ ላይ ወጥራ ገጠመችውና ውስጥ ግቢ አለችኝ። ገብቼ ተዘጋሁ። አንድ ጀሪካን ውሃ ከላይ አፈሰሰችብኝ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አይታኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሒሳቧን ተቀብላ ካበቃች በኋላ ግን እጇን ከበሩ ላይ አላነሳችም።

"አንድ ነገር ብጠይቅሽ ቅር ይልሻል?"

"አይለኝም፣ ጠይቂኝ።"

"ወንድሜ የሚመጣው ማክሰኞ ከማረሚያ ቤት ይወጣል። አምስት ዓመቱ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው ገጭቶ ሞተበት።" የበሩን ዳር በመዳፏ ጠረገች። "እኔ ነኝ ያሳደግኩት። በምን ላምጣው እያልኩ ሳስብ ነበር። ከዛ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቆ እንዲመጣ አልፈልግም። ሰማይ እያየ ቢመጣ ደስ ይለኛል።"

"አብረን እንሄዳለና።"

"ሁለት ወንበር ነው እኮ ያላት። እኔ በየሳምንቱ ሄጃለሁ። አሁን እሱ ወደ እኔ ይምጣ።"

እሺ አልኳት። ቤቷ አቃቂ ነው፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ። ከማረሚያ ቤቱ እዚያ ድረስ መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በቀጥታ አመጣዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጣሪያውን አጥፌ በሩቁ ቆምኩ። አራት ሰዓት አለፍ ሲል አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ፌስታል ይዞ ወጣ። ጃኬቱ ሰፍቶታል። ፊቱ ላይ የእህቱን ግንባር ሳይ ተጠጋሁት።

"እህትህ ልካኝ ነው" አልኩት።

"እሷ የታለች?"

"ቤት እየጠበቀችህ ነው። የኔ መኪና ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።"

መኪናዋን አየ። ወዲያው አልገባም። ሹፌሮች እንደሚያደርጉት ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ጫን ጫን አደረጋቸው።

"የኋላ ግራ ጎማዎ ነፋስ ቀንሷል" አለኝና ገባ።

ስንሄድ ቀኝ እጁ የበሩን እጀታ ጨብጧል። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የእሱም እግር ወለሉን ይረግጣል። ቃሊቲ ላይ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ከጎናችን መጥቶ አብሮን ተጓዘ፤ እኛ ዝቅ ብለን ስለተቀመጥን ጎማው ከጭንቅላታችን እኩል ነበር። ትከሻውን ሰበሰበ።

"ከታች ሆኜ አይቻቸው አላውቅም" አለ። "ከጋቢና ሲታይ እንዲህ አይመስልም።"

አቃቂ ደርሰን ለመታጠፍ ፍሬቻ ሳበራ፣ "እባክዎ አይታጠፉ" አለኝ።

"ቤቱ እኮ እዚህ ነው።"

"አውቃለሁ። ገላንን አልፈን ትንሽ እንሂድ። ቦታውን ማየት አለብኝ።"

የትኛውን ቦታ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። "እህትህ ምሳ ሠርታ እየጠበቀች ነው" አልኩት።

"እቤት ከገባሁ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ይሉኛል። እሱን ከመስማቴ በፊት ልየው።"

ከኋላ ክላክስ ይጮህብኛል። ፍሬቻውን አጠፋሁና ቀጥ ብዬ ነዳሁ። እውነቱን ለመናገር ለእሱ ብዬ ብቻ አልነበረም። ለእኔ የሚከብደኝ መታጠፍና መቆም ነው እንጂ መቀጠል ከብዶኝ አያውቅም። ቃል የገባሁላት ሴት በር ላይ ቆማ እንደሆነ እያወቅሁ ነዳሁ።

ቦታው በገላንና በዱከም መካከል ነው አለኝ። በግራ በኩል የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ፣ ከሥሩ የውሃ ቱቦ አለ፣ ከዚያ አለፍ ሲል መንገዱ ትንሽ ይጎብጣል። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ባሕር ዛፍ የለም። ያለው ረጅም የብሎኬት አጥር ነው፤ መጋዘን፣ ከዚያ ሌላ መጋዘን፣ የፋብሪካ በር።

"እዚህ ነው" አለ። "አይ፣ አይደለም። ትንሽ ወደፊት።"

ዱከም ጫፍ ደርሰን ዞርን። ተመለስን። "አለፍነው መሰለኝ" አለ። እንደገና ዞርን። በሦስተኛው ዙር በመቀመጫው ላይ ተነስቶ የፊት መስታወቱን ጠርዝ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ጃኬቱ በነፋስ ተነፍቷል፣ ዐይኑ ከአጥር ወደ አጥር ይዘላል። እኔ መንገዱንና መርፌውን በየተራ አያለሁ። በዝግታ መንዳት አይስማማትም። መርፌው ቀዩን አለፈ፣ ከፊት ነጭ እንፋሎት ተነሳ፣ የአንዱ መጋዘን አጥር ሥር ገብቼ አጠፋኋት።

ጨርሳ ሳትቆም እሱ ዘሎ ወረደ። አጥሩን ይዞ በፍጥነት ሄደ፣ ተመለሰ፣ መንገዱን ተሻግሮ በዚያ በኩል ሄደ። ፌስታሉን ወንበሩ ላይ ትቶታል። እየሮጠ የሚጠፋ መሰለኝ። ስልኬ ጠራ።

"የት ናችሁ?" አለች እህቱ።

"መኪናዋ ግላብኝ ቆመናል።"

"እሱ አለ? ወጥቷል?"

"ወጥቷል፤ አብሮኝ ነው።"

"ስጪው።"

ተመልሶ አጠገቤ ደርሶ ነበር። ስልኩን ዘረጋሁለት፤ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። "ራዲያተሩን እያየልኝ ነው" ብዬ ዋሸኋት።

"የት ጋ ነው የቆማችሁት?" አለች።

ሁለተኛ ውሸት አልመጣልኝም። "ገላንን አልፈናል" አልኳት።

ከኋላዋ ሰዎች ያወራሉ፣ ሰሃን ይጋጫል። "ይሁን" አለች በመጨረሻ። "አይቶ ይምጣ። ግን ይምጣ።"

ያለችውን ነገርኩት። አጥሩን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

"ከጅቡቲ ስመጣ ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር" አለ። "ሰውየው ሣር ተሸክሞ በዳር ነበር የሚሄደው። ዐይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሣሩ መስታወቱ ላይ ነው። መስታወቱን ሙሉ። ሰው መሆኑን እንኳ አላወቅሁም ነበር።" መሬቱን በጣቱ ጫረ። "ሽማግሌ ገብቶ ቤተሰቡ ይቅር ብለውኛል። ልጁ መጥቶ አይቶኛል። እኔ ግን በየቀኑ ስመጣ የኖርኩት እዚህ ነው። ዛፎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አሁን የሉም።"

ቆሜ ቁልፉን በእጄ አሽከረክር ነበር። ከመኪናዋ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ሰምቶ እሱ ነው መጀመሪያ ዞር ያለው።

"ምንድነው የሚያፈሰው?"

ኮፈኑን ከፈተ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የውሃ ጎማ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ተጎንብሶ ዳሰሰው፣ እጁን አቃጥሎት ሳበ፣ እንደገና ዳሰሰ።

"መቀስ አለሽ?" አለኝ። እርስዎ ማለቱ ቀረ።

ቁራጭ ጨርቅ የምቆርጥበት ትንሽ መቀስ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እስኪበርድ ጠበቅን፤ ሁለታችንም ቆመን፣ እሱ ስድስት እርምጃ ሄዶ ሲመለስ እኔም ስሄድ ስመለስ። አላፊ አግዳሚው ምን ብሎን ይሆን። ሲበርድ የተሰነጠቀውን ጫፍ ከርክሮ ቆረጠ፣ ቀሪውን ስቦ መልሶ አስገባ፣ የማሰሪያውን ብሎን በሳንቲም ጫፍ አጠበቀ። ከወንበሩ ኋላ ያለውን ጀሪካን አምጥቶ ውሃውን ቀስ እያለ ሞላ።

"አስነሺ።"

አስነሳኋት። ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ፣ ካርቡራተሩ ላይ አንዲት ብሎን ሩብ ዙር አዞረ። ድምጿ ተለወጠ። እንዲያ ለስልሳ ሰምቻት አላውቅም።

"ትነዳታለህ?" አልኩት። ያልኩት ሳላስብ ነው።

ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "አይ" አለ። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየውና ተመልሶ ከጎኔ ተቀመጠ።

አቃቂ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። እህቱ ዋናው መንገድ ድረስ ወጥታ ቆማለች። መኪናዋን አቆምኩ። ሲወርድ መጀመሪያ ፌስታሉን ከእጁ ወሰደች። ከዚያ መዳፏን ደረቱ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ፊቱ ላይ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ ከለከለችውና ተቃቅፈው ቆሙ። ባጃጆች በጎናቸው ዞረው ያልፉ ነበር። እኔ መሪውን ይዤ ሌላ ቦታ አየሁ። ስትለቀው ወደ እኔ መጣች፤ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

"ቃልሽን አልጠበቅሽም" አለችኝ።

"አልጠበቅሁም።"

"ግቢ፣ ምሳ ብዪ።"

ገባሁ። ጎረቤት ሞልቶ ነበር፤ እንደፈራው እንኳን ለቤትህ አበቃህ አሉት፣ እሱም አሜን አለ። እኔ ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ ተነሳሁ፤ ማንም አላስቀመጠኝም።

ወደ ሹፌርነት አልተመለሰም። ክረምቱን እህቱ ጋ ሸራ ሲቆርጥ ከረመ፣ መስከረም ላይ አቃቂ አንድ ጋራዥ ሥራ አገኘ። አንዳንድ እሑድ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይመጣል። ኮፈኑን ከፍተን እንነካካለን፤ የውሃ ጎማዎቹን በሙሉ ቀየራቸው፣ ራዲያተሩን አውልቆ አጠበው። ሞተሩን ያስነሳል፣ ያዳምጣል፣ ወርዶ ቁልፉን ይሰጠኛል። መሪውን ይዞ አንድ ሜትር እንኳ አላንቀሳቀሳትም። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅሁትም። ገላን ድረስ በሚኒባስ ብቻውን እንደሚሄድ እህቱ ነግራኛለች። ምን እንደሚያደርግ አትጠይቀውም።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን በሱቋ በኩል ሳልፍ ማሽኗን አቁማ፣ "እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?" አለችኝ። በዚያው ሳምንት እሑድ ሱቋን ዘግታ፣ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አስራ ከጎኔ ተቀመጠች። ዝዋይ ሄደን ዓሣ በልተን እንመለሳለን ተባባልን። ዱከምን አለፍን፣ መርፌው አልተነሳም። ደብረ ዘይትን አለፍን። ሞጆ ሳንደርስ ጭንቅላቷ ወደ በሩ አዘነበለና እንቅልፍ ወሰዳት፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ።

ሐይቁ በግራ በኩል ታየኝ። ከተማው ውስጥ ገብቼ መቆሚያ መፈለግ ነበረብኝ። መኪናዋ ያለ አንዳች ጉርምርምታ ትሄዳለች፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ እሷ ተኝታለች። እግሬን አላነሳሁም። ከተማውን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ነቃች።

"የት ደረስን?"

"ዝዋይን አልፈናል።"

ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ ሜዳውንና ግራሮቹን አየች። ነጠላዋን እንደገና አጠበቀች።

"ሲርበን እንቆማለን" አለችኝ።